ክንዳችንን ከመጠየቃችሁ በፊት

ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ የቺኩንጉንያ ክትባት ወደ አገር ቤት ሲመጣ ስለሚደረገው የመጀመሪያ የደኅንነት ፍተሻ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የድሬ ልጅ ነኝ። ሳቢያን ነው ያደግኩት። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ፣ በሽተኛው "እሺ" ይላል። ያቺ "እሺ" ስንት ጊዜ "አልገባኝም" ማለት እንደሆነች እኔ ነኝ የማውቀው። የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቴ እጅ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬን ቺኩንጉንያ ሲያተራምሳት እናቴም አልቀረላትም። ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቃት። መገጣጠሚያዋ ግን እምቢ አለ። ቡና አፍልታ ልትቀዳ ጀበናውን ስታነሳ የእጇ አንጓ ይከዳታል። በሁለት እጇ ብትይዘውም ያው ነው፤ ቡናው ከስኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። ሦስት ወር ሙሉ የጎረቤት ልጅ እየመጣች ትቀዳላት ነበር። ለእናቴ ይሄ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ነው። ደረጃ የምትወርደው ወደ ጎን፣ እንደ ሸርጣን ነበር። ሸርጣን ያለችው ራሷ ናት፤ በዓይኗ አይታ ባታውቅም።

ያኔ በድሬ የታመመው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ቤት ለቤት ነበር የሄደው። ስሙ እንኳ ሕመሙን ይናገራል። ቃሉ የማኮንዴ ሕዝብ ነው፤ በሽታው እ.ኤ.አ. በ1952 በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ እነሱ አገር ተነስቶ ነው ሰው ያወቀው። የሚያጎብጥ፣ የሚያጣምም እንደማለት ነው። እምብዛም አይገድልም። ቶሎ የሚረሳውም ለዚህ ይመስለኛል። የሞተ ይለቀስለታል፤ የጎበጠ ግን "ተርፏል" ይባላል።

የሚያስተላልፈው ኤደስ የሚባለው ቢንቢ ነው። ቀን ቀን የሚናከሰው፣ እግሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። ረግረግ አይፈልግም። በርሜል ይበቃዋል፤ የተጣለ ጎማ ይበቃዋል። ድሬ ላይ ደግሞ ውኃ ሲመጣ በርሜሉም ጀሪካኑም ይሞላል፣ እስከሚቀጥለው ድረስም ይቀመጣል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 በዴንጊ የተመታችውም በዚሁ ቢንቢ ነው። "መጀመሪያ ውኃው ይስተካከል፣ ክትባቱ ይደርሳል" የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። እውነቱን ነው። ግን የቧንቧውን ነገር ስንጠብቅ ስንት ዓመት እንደሆነን እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ክትባት አለ። አንዱ ቪምኩንያ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 አሜሪካ ፈቀደችው። የተጀመረው ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ነው፤ ቤተስዳ በምትባል ከተማ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ግቢ ውስጥ። ለእናቴ ስነግራት "ቤተ ሳይዳ? መጻጉዕ የተኛባት?" አለችኝ። አዎ፣ ስሙ ዞሮ ዞሮ ከዚያው የመጣ ነው። በወንጌሉ ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይፈወሳል። መጻጉዕ ግን የሚያስገባው ሰው የለውም፤ ሁልጊዜ ሌላው ይቀድመዋል። በክትባት ፍተሻ ነገሩ ይገለበጣል። ቀድሞ የሚገባው ሰው ፈውስ አያገኝም። የውኃውን ጥልቀት ለሌላው ለክቶ የሚወጣ ሰው ነው።

እስቲ ያንን የመጀመሪያ ፍተሻ ላሳያችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነበው የድሬ ሰው ግን አያውቀውም። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2011 እስከ ማርች 2012 ድረስ 25 ሰዎች ተመዘገቡ። ሁሉም ጤነኞች፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 50። ሁሉም እኩል አልተወጉም። 5 ሰዎች 10 ማይክሮግራም ወሰዱ። 10 ሰዎች 20 ወሰዱ። የቀሩት 10 ደግሞ 40። ከትንሹ እየተጀመረ፣ ደኅና መሆናቸው እየታየ ነው ወደ ትልቁ የሚወጣው። ለአንድ ሰው የታሰበው ሦስት መርፌ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በ4ኛው ሳምንት፣ በ20ኛው ሳምንት። በጠቅላላው 73 መርፌ ተሰጠ። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው አልተገኘም። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ በሦስቱም መጠን ቫይረሱን የሚያከሽፍ ፀረ-አካል በደማቸው ታየ።

"ለሃያ አምስት ሰው ይሄ ሁሉ?" የሚል አይጠፋም። እኔ የወደድኩት ይህንኑ ነው። ወጥ ጨው የምትቀምስ ሴት ጭልፋ ሙሉ አትጎነጭም። መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች።

ክትባቱ ውስጥ ቫይረሱ የለም። የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ነገር ብቻ ነው ያለው። ፍሬ የሌለው ገለባ በሉት። ሰውነት ገለባውን አይቶ እህሉ መጣ ብሎ ይዘጋጃል። ገለባ ደግሞ ቢዘሩት አይበቅልም። ከቤተስዳ ቀጥሎ ወደ ካሪቢያን ሄደ፤ 400 ሰዎች ላይ ታየ። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ። ከመጀመሪያው መርፌ እስከ ፈቃዱ 13 ዓመት ገደማ ፈጀ። የካሪቢያኑን አስምሩበት። እዚያ ከተከተቡት መካከል ቺኩንጉንያ ቀድሞ የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። እንደ ድሬ ሰው ማለት ነው። ወደዚህ ልመለስበት።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍተሻ ውስጥ ገብቻለሁ። የቺኩንጉንያ አልነበረም፤ የዚካ ነው፣ ያው የዚያው ቢንቢ ቫይረስ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ክሊኒክ። ለምን ገባሽ ካላችሁኝ ግማሹ ለገንዘቡ ነው። ለየቀጠሮው ይከፍላሉ፣ እኔም በዚያ ብርድ የቤት ኪራይ አንቆኝ ነበር። ግማሹ ደግሞ ጉጉት ነው።

ቅጹ ከ20 ገጽ በላይ ነበር። ነርሷ ከጎኔ ተቀምጣ ገጽ በገጽ አስረዳችኝ። ከዚያ ፈተነችኝ። ፈተነችኝ ስል የምሬን ነው፤ አሥር ጥያቄ፣ እውነት ወይም ሐሰት። አንዱ ጥያቄ "ይህ ክትባት ከዚካ ይጠብቀኛል" ይላል። "እውነት" አልኩ። ክትባት አይደል እንዴ? ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ይጠብቅሽ አይጠብቅሽ ገና አናውቅም" አለችኝ። "አሁን የምናየው ይጎዳሻል ወይ የሚለውን ነው።" ገጹን መልሳ ገለጠች፣ እንደገና አነበበችልኝ፣ እንደገና ጠየቀችኝ። በትክክል ሳልመልስ ፊርማ የለም። ፊርማ ሳይኖር መርፌ የለም።

ከመርፌው በኋላ አንድ ሰዓት አስቀመጡኝ። ስወጣ ቴርሞሜትር፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማስመሪያና ትንሽ ደብተር ሰጡኝ። ሰባት ቀን፣ ማታ ማታ፣ ትኩሳቴን ለክቼ እጽፋለሁ። የተወጋሁበት ከቀላ ማስመሪያውን አስደግፌ ቅላቱን በሚሊሜትር እለካለሁ። በሁለተኛው ቀን 14 ነበር። በአራተኛው ቀን ጠፋ። ራስ ምታት፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሁሉም ነጥብ አላቸው። ብዙም ካላስቸገረኝ አንድ፣ ሥራዬን ካጓተተብኝ ሁለት፣ ከአልጋ ካላስነሳኝ ሦስት። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ስልክ ቁጥርም ሰጡኝ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ አሉኝ። አልደወልኩም። ግን ውኃ ልጠጣ በተነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ።

አሜሪካን ላሞግስላችሁ አይደለም። የአሜሪካ ሕክምና ጉዱን ከፈለጋችሁ በሌላ ደብዳቤ እመጣለሁ። የምለው፣ ያቺ ማስመሪያ ዋጋዋ የአንድ ባጃጅ ሒሳብ አይሞላም። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እንደገና ማንበቧ ደግሞ በብር አይገዛም፣ በብርም አያስወጣም። በድሬ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዓመታት በኋላ አንድ በአማርኛ የተተረጎመ የፈቃደኝነት ቅጽ እጄ ገባ። የማን እንደሆነ ይቅር። እንዲህ ይላል፦ "በጥናቱ ሂደት ሊከሰቱ የሚችሉ አሉታዊ ክስተቶችን በተመለከተ የተከናወነውን የስጋትና ጥቅም ምዘና በመገንዘብ ተሳትፎዬን በፈቃደኝነት አረጋግጣለሁ።" ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ "የፍርድ ቤት ነው?" አለችኝ። "የክትባት ነው" አልኳት። "ታዲያ ማንን ነው የከሰሱት?"

ያው ነገር እንዲህ መባል ይችል ነበር፦ "መርፌው ሊያምመኝ ይችላል። ምን ምን ሊያደርገኝ እንደሚችል ነግረውኛል። እነሱም ገና ያላወቁት ነገር ሊኖር ይችላል። ልተወው ካልኩ በፈለግኩት ቀን እተወዋለሁ፤ ስለተውኩ ሕክምና አይከለክሉኝም።" ተርጓሚው አማርኛ ሳይችል ቀርቶ አይመስለኝም። እንዲህ ቢጻፍ የተማረ ሰው ሥራ አይመስልም ብሎ ፈርቶ ነው። ሙያዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። "ፕላሴቦ" የሚለውን ከማብራራት ይልቅ እንዳለ ጽፌ ያለፍኩበት ቀን አለ። "መድኃኒት የሌለው መርፌ" ብል ምን እሆን ነበር?

"ሙከራ" የሚለውን ቃል ደግሞ አትሽሹት። ብዙ ባለሙያ ይሸሸዋል። "ጥናት" ይላል፣ "ፕሮጀክት" ይላል። "ሙከራ" ሲባል ሰው "ሊሞክሩብን ነው" ስለሚል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 አንድ የፈረንሳይ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ በቴሌቪዥን ቀርበው የኮቪድን ክትባት ነገር አፍሪካ ላይ ለምን አናየውም ዓይነት ወሬ ሲያወሩ ምን እንደተነሳ ታስታውሳላችሁ። ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም የዓለም ጤና ድርጅትን ወክለው ሐሳቡ የቅኝ ግዛት ርዝራዥ ነው፣ አፍሪካም ለማንም ክትባት መፈተሻ አትሆንም አሉ። ቁጣው ገብቶኛል። ያን ቀን እኔም ተቆጥቻለሁ። ሲያድር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በእኛ ላይ ካልታየ፣ እኛ ላይ ምን እንደሚሠራ በምን ይታወቃል? ሌላ ሰው ክንድ ላይ የተገኘውን መልስ ለእናቴ ክንድ አምጥቶ መስጠት እሱስ ያለ ማስመሪያ መሞከር አይደለም?

ስለዚህ ቃሉን በሉት። "ሙከራ ነው። በመጀመሪያ የምናየው ደኅንነቱን ነው። ምን እንደምናደርግ ይሄውና።" ሰው የሚሸሸው ሲደበቅበት ነው።

ደግሞ ትንሹ ፍተሻ ሁሉን አያሳይም። ሌላው የቺኩንጉንያ ክትባት ኢክስቺክ ይባላል። ይሄኛው ገለባ አይደለም። የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ጥርሱ የወለቀ ጅብ። ደረጃውን ሁሉ አልፎ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ2025 የፈረንሳይዋ ሬዩኒዮን ደሴት በወረርሽኝ ስትመታ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ውስጥ ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው አዛውንቶች ነበሩ። ከባድ ሕመም የገጠማቸው ተገኙ። የሞተም ነበር። ፈረንሳይ ለአዛውንቶች መስጠቱን አቆመች። በኦገስት 2025 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ፈቃዱን አገደው።

እናቴ ሰባ ሊሞላት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ፈታሾች ዋሹ አልልም። ከሺህ ሰው አንዱን የሚያገኝ ጉዳት 25 ሰው ውስጥ አይታይም። የሰባ ዓመት ሰው ልብና ኩላሊትም በሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ላይ አይታይም። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ዴንግቫክሲያ የተባለው የዴንጊ ክትባት ከ800,000 በላይ ሕፃናት ከተሰጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 አምራቹ ራሱ አንድ ነገር ተናገረ። ክትባቱ ዴንጊ ይዟቸው ለማያውቁ ልጆች ኋላ ላይ በሽታውን ሊያከብድባቸው ይችላል አለ። ቀድሞ መያዝና አለመያዝ ያን ያህል ለውጥ አመጣ። ቺኩንጉንያ ዴንጊ አይደለም፤ የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ አልለጥፍም። ግን ድሬ ላይ ዴንጊም፣ ቺኩንጉንያም፣ ወባም ያለፈበት ክንድ ነው ያለው። የሜሪላንድ ሰው ክንድ እንዲህ አይደለም። የእኔም ክንድ እዚህ ብዙ ዓመት ከርሞ የነሱን መምሰል ጀምሯል።

ይህን አንብባችሁ "እንግዲያው ይቅርብን" እንዳትሉ። ከዚህ የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዲዴሳ ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ገባ። ያውም በቢንቢ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። 30,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የቢጫ ወባ ክትባት ግን ከ1937 ጀምሮ ነበረ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ነበረ፤ ሌላ አገር ነበረ። ያ ክትባት ራሱ በ1942 በተቀላቀለበት የሰው ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) ምክንያት በጉበት ቫይረስ ተበክሎ ወደ 50,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮችን ሆስፒታል አስገብቷል። ከዚያ በኋላ ሴረሙ ቀረ፣ ክትባቱ ግን ቀጠለ። ዛሬም ያለው እሱ ነው። እኔም ስወጣ ቦሌ ላይ ቢጫ ካርዴን ያሳየሁበት።

እንግዲህ ልመናዬ። የቺኩንጉንያ ክትባት በግዢም ይምጣ በእርዳታ፣ ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት በድሬ ሰው ላይ ትንሽ ፍተሻ አድርጉ። እንደ ቤተስዳው በጥቂት ሰው ተጀምሮ፣ ቆም እየተባለ እየታየ። በሽታው የያዛቸውም ያልያዛቸውም ይግቡበት፤ ማን የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ በደም ምርመራ ይለይ። አዛውንቶች የወጣቶቹ ውጤት ከታየ በኋላ ይግቡ እንጂ ጨርሶ አይቅሩ፤ ኋላ ስትከትቡ እነሱን ልትተዉ አይደለማ። "ሰው የለኝም" ያለው መጻጉዕ ነው፤ እናንተ እንዲያ ልትሉ አትችሉም። አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከድሬ ዳገቱን ወጣ ብሎ ነው።

ቅጹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይዘጋጅ። ከአዲስ አበባ ተተርጉሞ በፖስታ አይላክ። ድሬ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። ከመታተሙ በፊት ቀፊራ ገበያ ወርዳችሁ ሽንኩርት ለምትሸጥ ሴት አንብቡላት። ከዚያ "ምን አልኩሽ?" በሏት። በራሷ አፍ ከመለሰችላችሁ ቅጹ ደርሷል። "ታዲያ ማንን ነው የከሰሱት?" ካለቻችሁ መልሳችሁ ጻፉት።

ክፍያው ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። እኔ የምለው የቀን ገቢውንና የባጃጁን ስጡት። ከዚያ በታች ከሆነ በደል ነው። በጣም ከበዛ ደግሞ ሰው ስለ መርፌው መጠየቅ ይተዋል። እኔ የቤት ኪራይ ሲያንቀኝ ስንት ጥያቄ ዋጥ እንዳደረግኩ አውቃለሁ። ነርሷ ባትፈትነኝ ኖሮ ምንም ሳይገባኝ ፈርሜ ነበር።

ሴቶች ሲገቡ ደግሞ የእርግዝና ጥያቄ አለ። ከየመርፌው በፊት ይመረመራል፣ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ ወይ ይባላል። ግድ ነው። ግን አማቷ ወንበር ስባ ከጎኗ በተቀመጠችበት አትጠይቋት። መልሷ ለአማቷ እንጂ ለእናንተ አይሆንም። በስልክ ሳስተረጉም ከኋላ የሌላ ሰው ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መልሱ ይለወጣል።

ጉዳት ከደረሰስ? እዚህ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የምፈልገው። ማን ያሳክማል፣ ማን ይከፍላል፣ በየትኛው ስልክ ይደወላል። በቅጹ ላይ ይጻፍ፣ በመጀመሪያው ገጽ። ስልኩም ሌሊት የሚያነሳው ሰው ይኑር።

ከዚያ ውጤቱን ንገሯቸው። እኔ የገባሁበት ክሊኒክ ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፖስታ ላከልኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ስንት ሰው እንደተወጋ፣ ምን እንደተገኘ፣ አመሰግናለሁ። ፖስታው እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እናቴም ደም ሰጥታለች። በዚያው በወረርሽኙ ጊዜ የሆነ ቡድን ቤት ለቤት ሲዞር መጣ። አንዲት ልጅ ጎማ አስራ ከክንዷ አንድ ብልቃጥ ቀዳች፣ ስሟን ጻፈች፣ ስልኳን ጻፈች፣ "እንደውላለን" አለች። እናቴ ያኔ እጇን ማንሳት አልችል ብላ ልጅቷ ክንዷን በትራስ ደግፋላት ነበር። ጥሩ ልጅ ናት ትላለች እናቴ፤ እጇ ቀላል ነው፣ አላመመችኝም። ማንም አልደወለም። እሁድ እሁድ ሳወራት፣ ወሬያችን ሊያልቅ ሲል፣ አሁንም ትጠይቀኛለች፦ "ስሚማ፣ ያ ደሜ ምን ተገኘበት?"

መልሱ ያላችሁ ካላችሁ፣ ስልኳ ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የድሬ ልጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ